ለእኔ ተብሎ የተቀመመ ክሬም፦ ሕመሜን የያዘልኝ እሱ ነው?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የዛሬ 14 ወር አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ። በግራ ጎኔ፣ ከጡቴ ሥር ተነሥቶ እስከ ጀርባዬ ድረስ። ቁስሉ በወሩ ደረቀ። ሕመሙ ግን እዚያው ቀረ። ቆዳዬ ያለማቋረጥ ይቃጠላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ነዝሮኝ ያልፋል። ከሁሉ የሚብሰው የልብስ ንክኪ ነው። ሌሊት አንሶላው ሲነካኝ ብድግ እላለሁ።

መጀመሪያ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሕመሙን ቀነሰው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ያዞረኛል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ልወድቅ ለጥቂት ተረፍኩ። ቀጥሎ አሚትሪፕቲሊን ተሞከረ። አፌ ደረቀ፣ ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ክኒን ካልተስማማሽ ለአንቺ ብቻ የሚቀመም ክሬም እንሞክር» አለችኝ። አምስት መድኃኒት አለበት፦ ኬታሚን፣ ጋባፔንቲን፣ ክሎኒዲን፣ ባክሎፌንና ሊዶኬይን። በቀን ሦስት ጊዜ ተቀቢ ተባልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አልረሳቸውም። ከስንት ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ በደስታ አለቀስኩ። አሁን ሁለተኛውን ዕቃ ልጨርስ ነው፣ ለውጡ ግን እየቀነሰ መጣ። ስለዚህ በራሴ በቀን አምስት ጊዜ መቀባት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ይህ ክሬም በእርግጥ ይሠራል ወይ? ለአንድ ሰው ተብሎ የተቀመመ መድኃኒትስ ፋብሪካ ከሠራው ይበልጣል ማለት ነው? የደረሰባችሁን ንገሩኝ።

ቻይ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ የወገብ ሕመም 9 ዓመት አሰቃይቶኛል። ለእኔም ተቀምሞልኛል። ኬቶፕሮፌን፣ ባክሎፌን፣ ሳይክሎቤንዛፕሪንና ሊዶኬይን ያለበት ነው። ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። ልጄን ማቀፍ የቻልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልምከርሽ። ስትቀቢው በፕላስቲክ ጠቅልዪውና ከላይ የሚሞቅ ነገር አድርጊበት። ጠልቆ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ቀማሚው

ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ መድኃኒት መቀመም ነው። ሌላውን ሁሉ ትቼ ሁለት አስቸኳይ ነገር ልናገር።

ማለዳ፣ ስትነሺ ዓይንሽ የሚጨልመው ምናልባት የደም ግፊትሽ ወርዶ ነው። ክሎኒዲን የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ኬታሚንና ባክሎፌን ደግሞ ያፈዛሉ። በቆዳ የተቀባ ሁሉ ቆዳ ላይ አይቀርም፣ የተወሰነው ወደ ደም ይገባል። ባበዛሽው ቁጥር የሚገባውም ይበዛል። ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ደውዪ፣ ግፊትሽንም ተለኪ። ግን እባክሽ በራስሽ ጊዜ በድንገት አታቁሚው። ክሎኒዲን በድንገት ሲቆም ግፊትን ወደ ላይ ሊያስፈነጥር ይችላል። እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪምሽ ይንገርሽ።

ቻይ ወንድሜ፣ ከልብህ እንደመከርካት አውቃለሁ። ግን በፕላስቲክ መጠቅለሉንና ማሞቁን አንተም ዛሬውኑ ተው። ጠልቆ ይገባል ያልከው እውነት ነው፣ አደጋውም እሱ ነው። ሊዶኬይንና መሰሎቹ ማደንዘዣዎች በብዛት ደም ውስጥ ሲገቡ አንጎልንና ልብን ይመታሉ። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች የእግራቸውን ፀጉር በሌዘር ሊያስነሡ ሲሉ፣ ተቀምሞ የተሰጣቸውን ማደንዘዣ ክሬም እግራቸው ላይ ቀብተው በፕላስቲክ ጠቀለሉት። አንቀጠቀጣቸው፣ ራሳቸውን ሳቱ፣ ሁለቱም ሞቱ። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2007 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጠቅሶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ማስታገሻ ክሬም ነው ብለን የምንንቀው ነገር ይህን ያህል ኃይል አለው።

ቻይ

ደነገጥኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከዛሬ ጀምሮ አቆማለሁ። ማለዳ፣ ምክሬን እንዳትሞክሪው።

ማለዳ

ደወልኩ። ነገ ጠዋት ግቢ ተብያለሁ። እስከዚያ ወደ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። ቀማሚው፣ እግዜር ይስጥህ።

ነርሷ

የሕመም ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ማለዳ «በእርግጥ ይሠራል ወይ» ብለሽ ጠይቀሻል። እንደ ጥያቄሽ ግልጽ መልስ ይገባሻል።

በ2019 እ.ኤ.አ. አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲስን በሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። በአንድ ቦታ የተወሰነ የቆየ ሕመም ያለባቸው 399 ሰዎች ተሳትፈዋል። እንደ ሕመማቸው ዓይነት በሦስት ተከፈሉ፦ የነርቭ፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻን የመሰለው፣ እና የተደባለቀ። በየክፍሉ ግማሾቹ የተቀመመ ክሬም ተሰጣቸው። ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክሬም ተሰጣቸው። ማን የቱን እንደያዘ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ለነርቭ ሕመም የተሰጠው ኬታሚን፣ ጋባፔንቲን፣ ክሎኒዲንና ሊዶኬይን ነበረው። ባክሎፌኑ ሲቀር ያንቺው ነው። ለጡንቻውና ለመገጣጠሚያው የተሰጠው ደግሞ ልክ የቻይ ክሬም ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ሲለካ የሁሉም ሕመም ጥቂት ቀነሰ። መድኃኒቱን ያገኙትም፣ ባዶውን የተቀቡትም። በሁለቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፣ በሦስቱም ክፍል።

በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ የሚገቡ 20 መድኃኒቶችን አንድ በአንድ መርምረዋል። በቆዳ ሲቀቡ ሕመም ሊያስታግሱ እንደሚችሉ ማስረጃ ያገኙላቸው ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሊዶኬይን፣ ካፕሳይሲንና ዶክሴፒን። ጋባፔንቲን በክኒን መልክ ለነርቭ ሕመም ይረዳል። ያ ማለት ግን ቆዳን አልፎ ነርቩ ጋ ይደርሳል ማለት አይደለም።

ቻይ

ነርሷ፣ አክብሬሽ ልጠይቅ። ታዲያ እኔ ዋሽቻለሁ ማለት ነው? 9 ዓመት ተሰቃይቼ የተሻለኝን ሰው «ባዶ ክሬምም እኩል ነው» ስትይኝ ያማል። ሕመሜ እኮ እውነት ነው።

ነርሷ

ወንድሜ ቻይ፣ በፍጹም አልዋሸህም። ሕመምህም እውነት ነው፣ መቅለሉም እውነት ነው። ጥናቱ የሚጠይቀው ያቀለለው ምንድን ነው የሚለውን ብቻ ነው።

እስቲ አስበው። በቀን ሦስት ጊዜ ወገብህን በእጅህ ታሻለህ። መታሸት ራሱ ሕመምን ይቀንሳል። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ቁጭ ብሎ ሰምቶህ «ለአንተ ብቻ ይሠራልሃል» ብሎሃል። እሱም ሰውነትን ያላላል። ደግሞ ሰው አዲስ ሕክምና የሚጀምረው ሕመሙ ጫፍ የደረሰ ጊዜ ነው። የቆየ ሕመም ከፍና ዝቅ ይላል፣ ከጫፉ በኋላ በራሱም ዝቅ ይላል። ከዚያ ሊዶኬይኑ አለ፣ እሱ የድርሻውን ሊሠራ ይችላል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሆነው ልጅህን አሳቀፉህ። እኔ የምፈራው አንተን ሳይሆን ምናልባት ያለጥቅም የምትሸከማቸውን ሌሎቹን ሦስት መድኃኒቶች ነው።

ቻይ

ገባኝ። ስለ ቃልሽ አመሰግናለሁ።

የመንታ እናት

እኔ ደግሞ የተቀመመ መድኃኒት ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። አንደኛዋ ልጄ የነርቭ ሕመም አለባት። 6 ዓመቷ ነው። ካፕሱል መዋጥ አትችልም። ጋባፔንቲኗ በፈሳሽ ይዘጋጅላታል። ለልጅ ክብደት የሚሆን መጠን ተሠርቶ ሲሸጥ አላገኘንም፣ በሚሊሊትር መለካት ነው ያለው።

ግን አንድ ነገር ደርሶብናል፣ ለሌላ ወላጅ ትምህርት ይሁን። ፈሳሹ በፊት በየሚሊሊትሩ 50 ሚሊግራም ነበረው። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ አሠራን። እዚያ ያዘጋጁት በየሚሊሊትሩ 100 ሚሊግራም ኖሯል። ማንም አላስጠነቀቀኝም፣ እኔም ወረቀቱን አላነበብኩም። እንደለመድኩት 2 ሚሊሊትር ሰጠኋት። እጥፍ ማለት ነው። ልጄ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፣ ቀኑን ሙሉ ተኛች። ሐኪም ቤት ስንሮጥ የነበረው ሰዓት እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ደኅና ሆናለች፣ ተመስገን። ከዚያ ወዲህ በሚሊሊትር አላወራም። «ስንት ሚሊግራም ነው፣ በየሚሊሊትሩ ስንት አለው» ብዬ ሳልጠይቅ ጠርሙሱን አልቀበልም።

ቀማሚው

የመንታ እናት፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። የእኛ ሙያ ጥፋት ነው። መጠኑ ሲቀየር መናገር ያለብን እኛ ነን።

ማለዳ «ይበልጣል ወይ» ላልሽው የልጅቷ ታሪክ ራሱ መልስ ይሆናል። ተቀምሞ የሚዘጋጅ መድኃኒት ከፋብሪካው አይበልጥም። ፋብሪካው ያልሠራውን ይሞላል። ካፕሱል የማትውጥ ልጅ አለች። በክኒኑ ውስጥ ያለው ቀለም ወይም ላክቶስ የማይስማማው ሰው አለ። ትንሹ ክኒን እንኳ የሚበዛበት ሰው አለ። ለእነዚህ ሰዎች ሌላ መንገድ ስለሌላቸው እንቀምማለን።

የፋብሪካ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስንት ፈተና ያልፋል። ኃይሉ ይለካል፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይታወቃል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ላይ ይሞከራል። እኔ ዛሬ ጠዋት የቀላቀልኩት ክሬም ያን ፈተና አላለፈም። እጄ ንጹሕ ነው፣ ሚዛኔ ትክክል ነው፣ ግን አምስት መድኃኒት በአንድ ዕቃ ውስጥ ገብተው እንዴት እንደሚሆኑ በሰው ላይ ፈትሼ አልሰጠሁሽም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ «ይሄ ለምን ገባ?» የሚል ጥያቄ መቅረብ አለበት። መልስ የሌለው ይውጣ።

ታላቁ

ልጆቼ፣ 71 ዓመቴ ነው። የምጽፈው በልጅ ልጄ እርዳታ ነው። የጉልበትና የጀርባ ሕመም አለብኝ። ቀስ እያለ የሚሠራ ተብሎ የታዘዘልኝ ክኒን ትልቅ ነው፣ ጉሮሮዬ ላይ ይይዘኛል። ስለዚህ ፈጭቼ በውሃ እወስደዋለሁ። ቶሎ ያስታግሰኛል፣ ግን ከዚያ በኋላ ያደክመኛል። ይህ ትክክል ነው?

ቀማሚው

አባቴ፣ ጤና ይስጥዎት። እባክዎ ከእንግዲህ አይፍጩት። ቀስ እያለ የሚሠራ ክኒን የ12 ወይም የ24 ሰዓት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘ ነው። ሲፈጩት ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ቶሎ ያስታገሰዎትም፣ ያደከመዎትም ለዚህ ነው። የአንዳንዱ ዓይነት ለሕይወትም ያሰጋል። ለሐኪምዎ «መዋጥ አልቻልኩም» ይበሉ። ፈሳሽ ወይም ትንሽ ክኒን ይገኝለት ይሆናል፣ ካልተገኘም ሊቀመም ይችላል። ለጉልበትዎ ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ የዲክሎፌናክ ጄል ይስማማዎት እንደሆነ ይጠይቁ። ለጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት በደንብ የተጠና ነው፣ በክኒን ከሚወሰደው ያነሰ ወደ ደም ይገባል። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የጨጓራ ችግር ካለብዎ ግን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ታላቁ

ተባረክ ልጄ። የልጅ ልጄ ጽፋ ይዛዋለች።

ጤዛ

ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያሳምም የቆየ ሕመም) አለብኝ። የእኔ ቅባት አይደለም፣ በትንሽ መጠን የሚቀመም ናልትሬክሶን ነው። ፋብሪካው የሚሠራው 50 ሚሊግራም ነው፣ ለአልኮልና ለኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ላለ ኃይለኛ ማስታገሻ) ሱስ። እኔ የምወስደው 4.5 ሚሊግራም ነው። ያ መጠን በገበያ ስለሌለ ይቀመማል። ስጀምረው ሕልሜ በጣም ይበዛ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ተወኝ። ሕመሜ አልጠፋም። ግን የማልነሣባቸው ቀኖች ቀንሰዋል። ነርሷ፣ ስለዚህስ ምን ይታወቃል?

ነርሷ

ጤዛ፣ ይህኛው ገና ያልተቋጨ ነገር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ የወጣ ትንሽ ጥናት ነበር፣ 31 ሴቶች። ናልትሬክሶን ሲወስዱ ሕመማቸው በ28.8 በመቶ ቀነሰ፣ ባዶውን ሲወስዱ በ18 በመቶ። ብዙ ሰው ተስፋ ያደረገው በእሱ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ 99 ሴቶች ላይ 6 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት ተሞከረ። በሕመም መጠን በቂ ልዩነት አልታየም። አንቺን ረድቶሽ ካልጎዳሽ ግን ከሐኪምሽ ጋር ሆነሽ መቀጠልሽን አልቃወምም።

ሌሎች የምታነቡ ግን ይህን አትርሱ። ሞርፊን፣ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሌላ ኦፒዮይድ የምትወስዱ ከሆነ ናልትሬክሶንን አትንኩ። የማስታገሻውን ሥራ ይዘጋል። ሰውነታችሁ ለምዶት ከሆነ ደግሞ በድንገት ከባድ የማቋረጥ ስቃይ ያመጣል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃችሁም አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ጠያቂ

ለአከርካሪ ሕመም ጀርባዬ ላይ ስቴሮይድ ሊወጉኝ ነው። መርፌው ተቀምሞ የሚመጣ ነው አሉኝ። ልፍራ?

ቀማሚው

መጠየቅህ ትክክል ነው። ቆዳ ላይ የሚቀባና አከርካሪ አጠገብ የሚወጋ አንድ አይደሉም። በመርፌ ለሚገባ ነገር አንዲት ጀርም ብዙ ናት።

በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረው ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ያዘጋጀው ሜቲልፕረድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ በፈንገስ ተበክሎ ነበር። ልክ እንዳንተ ለጀርባና ለመገጣጠሚያ ሕመም የተወጉ ሰዎች ናቸው የታመሙት። ብዙዎቹ በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ያዛቸው። ከ750 በላይ ሰው ታመመ፣ ከ60 በላይ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ሕጓን አጠበቀች። ይህን ስቀምም ሁልጊዜ አስበዋለሁ።

ስለዚህ ሐኪምህን «በፋብሪካ የተሠራ ተመሳሳይ መርፌ የለም ወይ?» በለው። ካለ እሱ ይሻላል። ከሌለ ማን እንዳዘጋጀው፣ ከጀርም ነፃ መሆኑ በምርመራ መረጋገጡን ጠይቅ። ደግ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

የመንታ እናት

አንድ ነገር ልጨምር። ክሬም የምትቀቡ ሰዎች እጃችሁን ታጥባችሁ ልጅ ንኩ። የተቀባውንም ቦታ ልጅ እንዳይነካው ሸፈን አድርጉት።

ቀማሚው

በጣም ትክክል። ክሎኒዲን ለሕፃን በጥቂቱም አደገኛ ነው። ድመት ያላችሁም ተጠንቀቁ። ፍሉርቢፕሮፌን የሚባል ማስታገሻ ያለበት ክሬም የሚቀቡ ሰዎች ቤት ውስጥ ድመቶች ታመው የሞቱበት ጊዜ አለ።

ማለዳ (ከ7 ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። የጻፋችሁልኝን አትሜ ወደ ሐኪሜ ይዤ ሄጄ ነበር።

ያን ዕለት ግፊቴ ወርዶ ነበር የተገኘው። ክሬሙን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አስቆሙኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ያቺ የተኛሁባት ሌሊት የምትሄድብኝ መሰለኝ። ቀማሚው እንዳለው «ይሄ ለምን ገባ?» ብዬ ስለ አምስቱም ጠየቅኩ። ሐኪሜ አልተቆጣችም። ለአንዱ ብቻ ነው በቂ መልስ የሰጠችኝ፣ ለሊዶኬይኑ። እሱ ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ 5 በመቶ ልጥፍ አለው፣ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ሕመም ተብሎ የጸደቀ። በቀን 12 ሰዓት እለጥፈዋለሁ፣ 12 ሰዓት አነሣዋለሁ። ራሱ ልጥፉ ልብስ እንዳይነካኝ ይከልልኛል፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

የሚቀመም መድኃኒት ግን ጨርሶ አልተውኩም። ጋባፔንቲን ሲያዞረኝ የነበረው በአንዴ ብዙ ስለጀመርኩ ነው አለችኝ። ትንሹ ካፕሱል 100 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ በፈሳሽ ተቀምሞልኝ ማታ ማታ ከ50 ጀመርኩ፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመርኩ። ጠርሙሱን ስቀበል «በየሚሊሊትሩ ስንት አለው?» ብዬ ጠየቅኩ። የመንታ እናት፣ ያንቺ ትምህርት ነው።

ደብተርም ይዣለሁ። ጠዋትና ማታ ሕመሜን ከ10 እሰጠዋለሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁም እጽፋለሁ። ያኔ ክሬሙን ስጀምር አልጻፍኩም ነበርና ምን ያህል እንደቀነሰልኝ ዛሬ ማወቅ አልችልም። በደብተሬ መጀመሪያ ላይ 7 እና 8 ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት 4 ነበር፣ አንድ ቀን 3። አልዳንኩም። ግን ትናንት ሕመሙ ሳይጀምረኝ በፊት የምወደውን ሸሚዝ ለብሼ ዋልኩ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ልጥፉ ለእኔ ሰፊ ነው፣ በጎኔ ላይ ይጨማደዳል። በመቀስ ብቆርጠው ችግር አለው?

ቀማሚው

ሸሚዙን ሳነብ ደስ አለኝ። የሊዶኬይን ልጥፍ ይቆረጣል፣ ግን ከጀርባው ያለውን ላስቲክ ሳትልጪ በፊት ቁረጪው። ሁሉም ልጥፍ አይቆረጥም፣ ሌላ ዓይነት ከተሰጠሽ መጀመሪያ ጠይቂ። የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ አታድርጊው፣ ከላዩም የሚሞቅ ነገር አታኑሪ። የተረፈውንና ያወለቅሽውን አጥፈሽ አጣብቂውና ልጅ በማይደርስበት ጣዪው። መድኃኒቱ ሁሉ አልቆ አይወጣም።